ባዶ የተገኘው ስልክ

አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለአጎቴ ልጅ ለኡበይደላ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ የሐምቡርግን ብርድ ያቅልልህ፣ ሪዝቅህን ሐላል ያድርግልህ። እኔም ልጄም ሱቁም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና የሆነው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። እኔ ያለሁበትን አፕ አንተ “ሰው ያነበዋል” ብለህ አጠፋኸው። አንተ ያለህበትን እኔ አልጭንም። በስልክ ከተነጋገርን ደግሞ ሰላምታውን ሳንጨርስ እንጣላለን። ስለዚህ እንደ አባቶቻችን በወረቀት፣ በመንገደኛ እጅ።

ነገሩ ይህ ነው። ለልጄ ለመሐመድሰዒድ ወደ ደራ ከተማ ሽማግሌ ልከን ነበር። ልጅቱ ዳሊያ ትባላለች፣ የእህል ነጋዴው የሐጂ አብዱልሃኪም ልጅ፤ ሰዒድ በአሰላ መንገድ ጭነት ሲያመላልስ ነው የተዋወቃት። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በ“አካም ጅርቱ” ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ጥሎሹም መህሩም ሁሉም ነገር አልቆ ማሰሪያው ዱዓ፣ ፋቲሐው ሊቀራ ሲል እጃቸውን ዘረጉ። “የልጁን ስልክ እስቲ” አሉ። “ድሮ ጎረቤቱን እንጠይቅ ነበር፤ አሁን ጎረቤት ምን ያውቃል? የሚያውቀው ስልኩ ነው።” ሰዒድ ሳያንገራግር ሰጣቸው። የሚደብቀው የለማ።

ኢንተርኔት የሚያይበትን ሲከፍቱት ባዶ ሆነ። የትናንት የለ፣ የዛሬ የለ፣ አንዲት ነገር የለ። አጠገባቸው የተቀመጠው የወንድማቸው ልጅ “ይሄ ሲዘጋ የታየበትን ሁሉ የሚያጠፋ ነው፤ የሚደብቀው ያለው ሰው ነው የሚጭነው” አለ። ያ አልበቃ ብሎት “ደግሞ ገና ያላለቀ ነው፤ ቤታ ይሉታል፣ ለሙከራ የሚወጣ” ብሎ ጨመረበት። ሐጂ ስልኩን መለሱ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እናስብበታለን” ብለው ሽማግሌዎቼን ሸኙ። ፋቲሐው ሳይቀራ ቀረ።

የጫንከው አንተ ነህ። በክረምት መጥተህ ሳሎኔ ውስጥ ተጋድመህ የልጄን ስልክ ስትጎረጉር አይቼሃለሁ። ሥራህ ያላለቀ ነገር መሞከር ከሆነ በራስህ ላይ ሞክር። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላትም። አሁን በደራ ገበያ ልጄን “የሙከራ ሙሽራ” ይሉታል አሉ።

የምጠይቅህ ቀላል ነው። ሰዒድን አጥፋው ስለው “ምን በደለኝ ብዬ” ይለኛል። ከእኔ ቃል ይልቅ ያንተን ይሰማል፤ እሱ ራሱ ያቃጥለኛል። ጻፍለትና ያጥፋው።

አላህ ልብህን ያራራልኝ።
ዙህራ


ሐምቡርግ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለእትዬ ዙህራ። አላህ ዕድሜዎን ከአፊያ ጋር ያርዝመው፣ ሱቅዎን በበረካ ይሙላው። ደብዳቤዎን ያመጣችው ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ረስታው ስለነበር ዘግይቶ ደረሰኝ። መዘግየቱ ቁጣዎን አላቀዘቀዘውም።

አጥፋው ብዬ አልጽፍለትም። ሰዒድ ጭነት መኪና የሚነዳ ትልቅ ሰው ነው፤ ስልኩ ላይ ምን እንደሚጭን ከእርስዎም ከእኔም ፈቃድ አይጠይቅም።

ስለዚያ ብራውዘር፣ ኢንተርኔት ስለሚያይበት፣ የነገሩዎ ግማሹ እውነት ነው። የሄዱበትን አያስቀምጥም። ሌላው ብራውዘር ሰዒድ አንድ ቀን የጎማ ዋጋ ካየ ወር ሙሉ ጎማ ጎማ እያለ ይከተለዋል፤ ምን እንዳየም ለማያውቀው ሰው ይሸጥበታል። ይኼኛው አይሸጥም፤ ሥራው ይኸው ነው። እርስዎስ? በክረምት እዚያው ሱቅዎ ተቀምጬ አንድ ሰው መጥቶ “ሚስቴ እዚህ ቀሚስ ገዝታለች?” ሲልዎ “አላየኋትም” ብለው መለሱት። ከአንድ ሰዓት በፊት በራስዎ እጅ ጠቅልለው ሰጥተዋት ነበር። ሴትየዋ ሌባ ነበረች? አልነበረችም። የራሷ የሆነ ነገር ነበራት፣ እርስዎም ጠበቁላት።

ቤታ መሆኑንም ደብቄው አላውቅም። “አንዳንዴ በራሱ ይዘጋብሃል፣ ያስቀመጥከውን ይረሳል፣ ያለቀለትን ልጫንልህ” ስለው የሙከራውን የመረጠው እሱ ነው። መቂ አካባቢ ኔትወርኩ ሲደክም የሚከፍትለት ይኼኛው ነው። ሲበላሽበት ይጽፍልኛል፣ እኔ ለሠሪዎቹ አደርሳለሁ። እሱ ካገኛቸው ስሕተቶች የተስተካከሉ አሉ፤ ዛሬ በስንት አገር ያለ ሰው ይጠቀምባቸዋል። ልጅዎ ተሞካሪ አይደለም፣ ሞካሪ ነው።

ነውር ካለ ነውሩ የሰው ስልክ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ደግሞ መስጠት። በዚያ ስልክ ውስጥ የዳሊያ መልእክቶች አሉ። አባቷ እነዚያን በሽማግሌ ፊት ቢከፍቷቸው ኖሮ ልጅቱ ምን ይውጣት ነበር? ስለ እሷ በደብዳቤዎ አንድ ቃል አላየሁም።

አላህ በሰላም ያቆየን።
ኡበይደላ


አዳማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳኑን በሰላም ያስጨርስህ፣ የጾምክ ከሆነ።

ጾመኛ ስለሆንኩ የማልጽፈውን በልብህ ሙላው።

ሱቄን ባታነሣው ጥሩ ነበር። ያቺ ሴት ደንበኛዬ ናት፤ የሸጥኩላት ቀሚስ እንጂ ልጅ አይደለም። ልጁን የሚድር ሰው ለማን እንደሚድር ማወቅ አለበት። ይህ አይገባህም፤ አንተን ራስህን ማን ያውቅሃል? ሐምቡርግ ከገባህ ወዲህ ሚስት ይኑርህ፣ ልጅ ይኑርህ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ከዘመድ የሚያውቅ የለም። አላህ ይዘንላቸውና አባትህ ስለ አንተ ሲጠየቁ “ደህና ነው” ብቻ ይሉ ነበር፤ ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም። አፍረው አንገታቸውን ሲደፉ ያየሁት እኔ ነኝ። የራስህን በር ዘግተሃል፣ ዝጋ። የልጄን በር ምን አድርጌህ ትዘጋዋለህ?

ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ተመልሰው ይሄዳሉ። ሐጂ “ስልኩን ይዞ ይምጣ፣ ደግሜ አያለሁ” ብለዋል። ጻፍለት ብዬ አልለምንህም፤ ያ አልፏል። ስልኩን ቀምቼ ለነገሪ ሰጠሁት። ነገሪን ታውቀዋለህ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነው፤ የቤታችንን ስልኮች ሁሉ ያስተካከለልን እሱ ነው። ያንተን ነቅሎ የድሮውን መለሰ፣ የቤተሰቡንም ኢሜይል አስገባበት። “እትዬ፣ ከእንግዲህ የታየው ሁሉ ይቀመጣል፣ ይሞላል” አለኝ። ይሙላ። እስከ ዒድ ድረስ ስልኩ እኔው ጋ ይቆያል፤ ሰዒድ በአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልክ ይሥራ። አኩርፏል፤ ይለቀዋል።

ካንተ የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ለሐጂ አብዱልሃኪም በአክብሮት ጻፍላቸው። የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር በል። ሁለት መስመር ነው። ለዚህ እንኳ ካልሆንክ የሥጋ ዝምድና ምን ያደርግልኛል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አንተን የመሰለ አይተው ነው።

ዙህራ


ሐምቡርግ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙሰላም። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ።

ደወልኩልዎ፤ ዘጉብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጉብኝ። ሰዒድን እንዳላገኘው የማገኝበት ስልክ እርስዎ ጋ ነው፣ የአሮጌውንም ቁጥር አላውቀውም። ለዒድ አገር በሚገባ ሰው እጅ ይህን ልኬያለሁ። ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ እንዲደርስ ዱዓ እያደረግሁ ነው። አዎ፣ ጾሜአለሁ።

ከማን ጋር እንደምኖር አይመለከትዎትም። አባቴንም በዚህ ባይጠሩብኝ ደስ ይለኛል።

ለሐጂ የሚሄደውን ወረቀት አልጽፍም። ሰዒድ ያውቅ ነበር። አያውቅም ብዬ ብጽፍ ልጅዎን ሞኝ፣ ራሴን ውሸታም አድርጌ ነው የምድረው።

አሁን ንዴትዎን ለአፍታ ያስቀምጡና ይህን ያንብቡ። ያ የቤተሰብ ኢሜይል ነገሪ ለቤቱ ሰው ሁሉ ባንድነት የከፈተው ነው። በእርስዎም ስልክ ላይ ያለው እሱው ነው። ነገሪ ተንኮል አላሰበም፤ የይለፍ ቃል እንዳይረሳ እየተባለ በከተማው ሁሉ አንድ ኢሜይል ለአንድ ቤት ይከፈታል። ነገር ግን በአንዱ ስልክ ኢንተርኔት ላይ የተጠየቀው በሌላውም ላይ ይወጣል። “ይሞላል” ያለዎት በሰዒድ ነገር ብቻ አይደለም፤ በእርስዎም ነው፣ ያለፈውንም ጭምር። እርስዎ በስልክዎ ምን እንደሚጠይቁ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ሐጂ ግን በሽማግሌ ፊት ሊያነቡት ነው። የምለምንዎ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ነገሪ ጋ ይመለሱና ኢሜይሉን ያስወጡት።

ኡበይደላ


አዳማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም።

ደብዳቤህ ሽማግሌዎቹ ከደራ ከተመለሱ በኋላ ደረሰኝ። ያመጣው ሰውዬ “መጀመሪያ ዘመዶቼን ልጠይቅ ብዬ ነው” አለኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

እኔም ደራ ሄጄ ነበር። ወንዶቹ በወዲያ፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ። ዳሊያ አጠገቤ ነበረች። ጀርባዬን እንዳያመኝ ትራስ አምጥታ ደግፋኛለች። ደህና ልጅ ናት፤ ስለ እሷ አንድ ቃል የለም ላልከኝ ይኸው ጻፍኩልህ።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ከፈቱት። በመጀመሪያ የሽንኩርት ዋጋ ነው፣ የጨርቅ ዋጋ ነው፣ እየሳቁ አሳለፉት። እኔም የጨርቁን ስሰማ ገርሞኝ ነበር፤ አልነቃሁም። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። “የሚጥል በሽታ በዘር ይተላለፋል ወይ?” ቀጠሉ። “የሚጥል በሽታ ከአክስት ይወረሳል ወይ?” ቀጠሉ። “ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ጋብቻ ማስቀረት እንዴት ይቻላል?”

የሐጂ እህት እንደሚጥላት ከተማው ያወራል፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ነው የሰማሁት። ሐጂ “ይህን የጻፈው ማነው?” አሉ። በመጋረጃው ክፍተት አየሁት፤ ሰዒድ ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ወደ እኛ በኩል ተመለከተ። “እኔ ነኝ” አለ።

ዳሊያ ከአጠገቤ ተነሥታ ሄደች።

እናት ይህን ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? ማንን ልጠይቅ? ሰው ብጠይቅ ወሬ ይሆናል፣ የልጅቱ ስም ይጠፋል። ስልኩ አፍ የለውም ብዬ ነው። ደግሞ ጠየቅሁ እንጂ አላስቀረሁም፤ ሽማግሌውን ከዚያ በኋላም ልኬአለሁ።

አሁን ሰዒድ ቤት ውስጥ ይገባል ይወጣል፤ አይቆጣኝም፣ አያናግረኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔው አንተ እጅ ላይ ነው። ቤታ የሚባለው ይሳሳታል፣ ይረሳል፣ ይቀላቅላል ያልክበት ጽሑፍህ አለኝ። ለሐጂ ጻፍላቸው። የዚህ ነገር ዐዋቂ ነኝ በል፤ ልጁ ስልክ ላይ ገና በሙከራ ያለ ነገር ስለነበረ ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅሎበት ነው በል። አንተ ያልከውን ማን ይመረምራል? ዳሊያ ታምናለች፣ ሐጂም ፊታቸውን ይመልሳሉ፣ እኔም አልዋረድ። አንድ ጊዜ እንኳ ለዘመድ ዋል።

ዙህራ


ሐምቡርግ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙሰላም።

ደብዳቤዎን ተቀብዬ ብዙ ቆየሁ። የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ቢያንስ ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

ጥያቄዎ ነውር አልነበረውም። ሰው የፈራውን ነገር ለብቻው ጠይቆ መረዳት መብቱ ነው፤ ማንም ሰብስቦ ሊያስነብብበት አይገባም። ከጥር ጀምሮ የምልዎ ይህንኑ ነው። ለእርስዎ ሲሆን ገባዎት፣ ለልጅዎ ሲሆን ሌብነት ሆነ።

የጠየቁኝን አላደርግም። በዚያ ቀን ስልኩ ላይ ቤታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በገዛ እጅዎ አስነቅለውታል። የሌለ ነገር አይሳሳትም። ሥራዬ ያ ፕሮግራም ያጠፋውን ጥፋት አጠፋ፣ ያላጠፋውን አላጠፋም ማለት ነው፤ በዚያ ነው እንጀራ የምበላው። ያንን ሐቅ ለእርስዎ ክብር ብዬ አልሸጠውም።

እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰዒድ አይናገርም። ስለ እናቱ ብሎ በማያውቀው ነገር ራሱን ያዋረደ ልጅ አለዎት፤ እርስዎ ደግሞ እሱ የሸፈነዎትን እኔ ደግሜ እንድሸፍንልዎ ይጽፋሉ። ደራ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ይሳፈሩና “እኔ ነኝ” ይበሉ።

ኡበይደላ


አዳማ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።

ለአቶ ኡበይደላ። እንዴት ሰነበቱ? የጻፉልኝን ሁሉ አስቀምጬዋለሁ። “እርስዎ” ያልኩዎት አክብሬዎ አይደለም፤ ዘመዴ ነው ብዬ አንተ ማለት ስለከበደኝ ነው።

ሰዒድ ከቤት ወጥቷል። መኪናውን ለባለቤቱ አስረከበ፣ አሮጌውን ስልክ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄደ። ልብሱን እንኳ ግማሹን አልወሰደም። ዓለም ጤና ከተማ ሄጄ ሽንኩርት ጫኞቹን ጠየቅሁ። መቂ ሄድኩ። አዳሚ ቱሉ ድረስ ሄድኩ። “አላየነውም” ይሉኛል፤ እውነት ይሁን፣ እኔ ለሰው እንደምለው ዓይነት ይሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ደራ ሄድኩ። እርስዎ ስላሉኝ አይደለም። ልጄ ስለሄደ ነው። ሐጂ ፊት ተቀምጬ “የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አያውቅም ነበር” አልኳቸው። “እህቴ አዎ ይጥላታል” አሉኝ። “ሐኪም ያያታል፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር።” መሬቱን አየሁ።

ዳሊያ ቆማ ትሰማ ነበር። “እኔ ነኝ ያለው እርስዎን ብሎ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሲቆይ ገልጣ “ይምጣ” አለች። አባቷም አልከለከሏትም። “ያለ ስልክ ይምጣ” አሉ።

በሩ ተከፍቷል፤ የሚገባበትን ልጅ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ዳሊያ ትደውልለታለች፣ ቁጥሩ አይሠራም። ሌላ የጠየቃት ሰው አለ፤ አባቷ እስከ መቼ ያቆዩልኛል?

ከእርስዎ ጋር እንደሚጻጻፍ አውቃለሁ። ወረቀት አልጠይቅዎትም፣ ምስክርነት አልጠይቅዎትም። የት እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። ከተማውን ብቻ። ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት ማለቴን አልተውኩም፤ ቢሆንም እየለመንኩዎ ነው።

የሰዒድ እናት


ሐምቡርግ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለእትዬ ዙህራ። አላህ ሶብሩን ይስጥዎ።

የት እንዳለ አውቃለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ በስም የጠራው ደግሞ እርስዎን ነው። ስለዚህ ከተማውንም አልነግርዎትም። ቢረግሙኝ አይፈረድብዎትም። ጤነኛ ነው፣ ሥራ ይዟል። ከዚህ በላይ ለማለት ቃሌ አይፈቅድልኝም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ዳሊያ ይምጣ ያለችበትን ለብቻው ደግሜ ጻፍኩለት። አባቷ ያሉትንም፣ ሌላ ጠያቂ መኖሩንም ጻፍኩለት። መልስ የለም።

አንብቦት እንደሆነ አላውቅም። የምንጻጻፍበት መተግበሪያ መልእክት መነበቡን እንዲያሳይም እንዳያሳይም ማድረግ ይቻላል፤ ሰዒድ እንዳያሳይ አድርጎታል። በክረምት ሳሎንዎ ተቀምጠን እንዴት እንደሚዘጋ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ትናንት እንዲከፍተው ለመንኩት። ያንንም አይቶት እንደሆነ አላውቅም።

ኡበይደላ